የእሸቱ ተከታዮች

ገረመው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መኪና መንዳት አስተምሯል። ቶሮንቶ፣ በክሬሰንት ታውን ፎቆች ውስጥ መንጃ ፈቃድ ያለው አበሻ ካገኛችሁ፣ ወይ እሱ ያስተማረው ነው፣ ወይ እሱ ያስተማረው ሰው ያስተማረው ነው። ይህን የሚናገረው ራሱ ገረመው ነው፤ ግን ውሸት አይደለም።

በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥቶ ቶሮንቶ ሲገባ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ነበር። ፓርክዴል ውስጥ አንዲት ክፍል ከአራት ሰው ጋር ተጋርቶ፣ ሰሃን አጥቦ፣ ታክሲ ነድቶ፣ በመጨረሻ በአስተማሪው በኩልም ፍሬን ያላት ኮሮላ ገዛና "ጋሽ ገረመው" ተባለ። ዕድሩ በየዓመቱ በግንቦት የአዲስ ገቢዎችን ቀን ሲያዘጋጅ፣ ስለ መንጃ ፈቃድ ተነሥቶ የሚናገረው እሱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሳያቋርጥ ተናግሯል። ለዚያ ቀን የሚሆን ሱፍ አለው፤ ለሠርግ እንኳ አይለብሰውም።

ቲክቶክ የከፈተችለት ልጁ ናኦሚ ናት። እሱም ያንን ሱፍ ለብሶ፣ ነጭ ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ ስለ ስቶፕ ምልክት አሥራ አራት ደቂቃ ተናገረ። አርባ አንድ ሰው አየው። በሰባት ወር ውስጥ ሠላሳ ስምንት ቪዲዮ ሠርቶ ተከታዮቹ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ደረሱ። ግማሾቹ የሚስቱ ዘመዶች ናቸው።

"አባዬ፣ ኮሜንት ሲጽፉልህ ሪፕላይ አድርግላቸው እንጂ" ትለዋለች ናኦሚ። "ኢግኖር ስታደርጋቸው እኮ አይመለሱም።"

"የተከበረ ሰው ለጠራው ሁሉ አቤት አይልም" ይላታል።

በዚህ መሀል የጸዮን ነገር መጣ። ጸዮን ባሏ ስፖንሰር አድርጓት ከአራት ዓመት በፊት የመጣች፣ ብሉር ጎዳና ላይ አንድ የአበሻ ምግብ ቤት የምትሠራ ሴት ናት። መንዳት ያስተማራት ገረመው ነው። ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለቴም ወደቀች። ሦስተኛውንም በወደቀች ዕለት ፈተና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ቆመች፤ እንባዋን በሻርፗ እየጠረገች፣ መልሳ እየሳቀች ስልኳን ከፈተችና፣ "እኔ ጸዮን ነኝ። ሮድ ቴስት ሦስት ጊዜ ፌል አድርጌያለሁ። ከእኔ የባሰ ካለ እጁን ያውጣ!" አለች።

በሁለት ቀን ሰባ ሺህ ሰው አየው። እጁን ያወጣው ሰው ብዛት! ጸዮንም ለእያንዳንዱ በስሙ መለሰች። "ፊርደውስ እህቴ፣ አንቺንስ ምን ላይ ነው የጣሉሽ?" ትላለች። ፊርደውስ ካልጋሪ ሆና ትነግራታለች፤ በነጋታው የፊርደውስ ታሪክ ራሱ ቪዲዮ ይሆናል። እንዲህ እንዲህ እያለች በሦስት ወር አርባ ሺህ ተከታይ አፈራች።

ገረመውን እንደ እግር እሳት አንገበገበው። "ባጎረስኩ ተነከስኩ" አለ። የነከሰው ግን አልነበረም፤ ጸዮን ስሙን በክፉ አንስታ አታውቅም። እሱም ይህን ያውቃል፤ ማወቁ ደግሞ ይበልጥ አናደደው፤ ሰው በደለኛ ካልሆነ በምን ይጠሉታል? ተማሪው ፓርክ ማድረግ ሲለማመድ እሱ ከጎን ተቀምጦ የጸዮንን ላይክ ይመለከታል። ምሳ ላይ ማንም ሳይጠይቀው "ሦስቴ የወደቀች!" ይላል።

መጋቢት ላይ የዕድሩ ጸሐፊ ሃብታሙ ደወለ።

"ጋሽ ገረመው፣ ዘንድሮ ትንሽ ቼንጅ እናድርግ ብለን... ጸዮንን ልንጋብዛት ነው። አዲስ የሚመጡት ልጆች እሷን ያውቋታል። እርስዎ ደግሞ ብዙ ዓመት ደክመዋል።"

"ደግ አድርጋችኋል" አለ ገረመው።  ከዚያች መድረክ ሌላ ግን፣ በዚህ አገር ሰው ዝም ብሎ የሚያዳምጠው ቦታ የለውም።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ለመናገር እኔንም ያሳፍረኛል። ፎቶ የሌለው፣ ቪዲዮ የሌለው ሌላ ገጽ ከፈተ፤ ስሙንም በሰፈሩ ጎዳና "እሸቱ ከዳንፎርዝ" አለው። በጸዮን ቪዲዮ ሥር ገብቶም፣ "ሦስት ጊዜ የወደቀች ሴት ምን ልታስተምር ነው? አስተማሪሽን ብትሰሚ ኖሮ ባንዴ ታልፊ ነበር" ብሎ ጻፈ። ጽፎ ትንሽ ቀለለው።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መለሰችለት። "ወንድም እሸቱ፣ እውነትህን ነው። አስተማሪዬ ጎበዝ ናቸው፤ ጆሮ የሌለኝ እኔ ነኝ። ስቶፕ ላይ ቆሜያለሁ ስል ፈታኟ አልቆምሽም ትለኛለች። አንተ የምታውቅ ትመስላለህ፤ ምኑን ነው የምስተው?"

ገረመው ቢሆን አይመልስም ነበር። እሸቱ ግን የሚጠብቀው ክብር የለውም። "ፍሬን ስትረግጪ መኪናዋ ወደ ፊት ታጎነብሳለች" ብሎ ጻፈ። "መቆሟን የምታውቂው መልሳ ቀና ስትል ነው። ያቺ ቀና ማለቷ እስክትሰማሽ ድረስ አትንቀሳቀሺ።" ለተማሪዎቹ ሃያ ሁለት ዓመት ሲል የኖረው "ስቶፕ ማለት ስቶፕ ነው!" ብቻ ነበር። ምኑ እንደጠፋቸው ጠይቋቸው አያውቅም።

ጸዮን ያቺን ምክር ይዛ ቪዲዮ ሠራች፤ "ይህቺን ያስተማረኝ ወንድም እሸቱ ነው" አለች። ሰዉም እሸቱን ይጠይቀው ጀመር፤ አንዱ ስለ በረዶ፣ አንዷ ሃይዌይ ላይ ስለሚይዛት ፍርሃት። እሸቱ ለሁሉም መለሰ። ጸዮን አራተኛውን ፈተና ስታልፍ በስሙ አመሰገነችው። በስድስት ሳምንት ውስጥ፣ አንድም ቪዲዮ ሳይሠራ፣ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሰው ተከተለው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ገረመው በእሸቱ ቀና። የራሱን ገጽ ይከፍታል፤ ሦስት መቶ አሥራ አንድ፤ አንድ ሰው ጥሎት ሄዷል። የእሸቱን ይከፍታል፤ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ። ያንን ሁሉ ዕውቀት ማን ሰጠው? ማን ነው ታክሲ ውስጥ ወገቡ የተቆረጠ? አንድ ቀን ቲጂ የምትባል ተማሪው መሪ ይዛ፣ "ጋሼ፣ እሸቱ እኮ እንደዚህ አይደለም ያለው" አለችው። ገረመው በእሱ በኩል ያለውን ፍሬን ረገጠው። መንገዱ ባዶ ነበር።

"ለመሆኑ እሸቱ ማነው? ላይሰንስ አለው? አይተሽው ታውቂያለሽ?"

"አላየሁትም" አለች ቲጂ ደንግጣ። "ግን ለሰው ይመልሳል።"

ግንቦት ሲገባ ሃብታሙ እንደገና ደወለ። "ጋሽ ገረመው፣ ጸዮን አስቸገረችን። እሸቱ የሚባለው ሰው ካልመጣ ብቻዬን አልናገርም፤ ፈልጉልኝ፣ አብረን እንቀመጥ አለች። ማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። እኛም እንዲህ ያለ ሰው በመካከላችን እያለ አለማወቃችን ቆጭቶናል። እርስዎ በሥራው የቆዩ ነዎት፤ አያውቁትም?"

"እኔ ነኝ" ቢል መድረኩ የእሱ ነው። እርግጥ መጀመሪያ የጻፈው ስድብም የእሱ ይሆናል፤ ለስድቡ ግን ሰበብ አይጠፋም። የያዘው ሌላ ነገር ነበር። ሃብታሙ "እንዲህ ያለ ሰው" ሲል ድምፁ ውስጥ የነበረው አክብሮት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ገረመውን ሲጋብዝ፣ አንድ ቀን እንኳ በዚያ ድምፅ ጠርቶት አያውቅም።

"አውቀዋለሁ" አለ ገረመው።

"እንዴ! ተመስገን! ምን ዓይነት ሰው ነው?"

"ምቀኛ ነው" አለ። "ሰው ሲያገኝ እንቅልፍ የሚያጣ ምቀኛ ነው። ካላመንከኝ ጸዮን ገጽ ላይ መጀመሪያ የጻፈውን ፈልገህ አንብበው።"

ሃብታሙ ስልኩ ላይ ገጿን ከፍቶ ፈለገ።

"ወይ ጉድ!" አለ ከአፍታ በኋላ። "እንኳን ነገሩን፤ ልጅቷን ልናዋርዳት ነበር። እሷማ በየዋህነት መልሳለታለች፤ ምቀኛ መሆኑን የሚያውቀው ሰው ነገረን ብዬ አሁኑኑ እነግራታለሁ። በቃ የፕሮግራሙ ወረቀት ላይ የጸዮንን ስም ብቻ እንጻፍ?"

"ጻፉ" አለ ገረመው።