ኒካህ በሁለት አድራሻ

በ2016 ዓ.ም. በጋ፣ የጨፋ ሜዳ ማሽላ ተወቅቶ ከገባ በኋላ፣ ከሚሴ ቤታችን ውስጥ የታላቋ ልጄ ኒካህ ታሰረ። አባቷ ባሕር ማዶ ሥራ ላይ ነበር፤ ፈቃድ አላገኘም። ልጁን በገዛ አፉ መዳር ግን ፈለገ። ሸሁ፣ «ፊቱን አይቼ ድምፁን ከሰማሁ ይሆናል። ካልሆነ ወንድሙን ይወክል» አሉ።

እሱ ባለበት አገር የተለመዱት የምስል መደወያዎች አይሠሩም። ልጄ የኔትወርክ ባለሙያ ናትና በራሷ ኮምፒውተር ሌላ መገናኛ አዘጋጀች። ስታስረዳኝ፣ «ማሽኖች የሚፈላለጉት በቁጥር አድራሻ ነው፤ የድሮው ቁጥር ለዓለሙ አልበቃ ስላለ አዲስ ወጣ። ሁለቱ ግን አይግባቡም፤ ሁሉም ወደ አዲሱ እስኪዞር ደግሞ ገና ነው» አለችኝ።

«እስከዚያውስ?»

«እስከዚያው እንደ እኛ ሁለቱንም መያዝ ነው፣ እማ። ከአያቴ ጋር በኦሮምኛ፣ ከቢሮ ሰው ጋር በአማርኛ።»

በዕለቱ ከዙህር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ቀረ። አባቷ በተራ ስልክ ደውሎ፣ «እኔ ዘንድ ምንም አይታይም» አለኝ። ድምፁ ቀጠነብኝ። ሸሁን ጨፋ ሮቢት ላይ ሌላ ኒካህ ይጠብቃቸዋል። የባሌ ወንድም ለመወከል ወደፊት ተጠጋ።

ኮምፒውተሩን አቅፌ ሙሽራዋ ከሴቶቹ ጋር ወዳለችበት ክፍል ገባሁ።

«ሂናዬ አልደረቀም። እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ጫኚ» አለችኝ።

አክስቷ፣ «የራሷን ኒካህ የምትጠግን ሙሽራ ዛሬ አየሁ» አለች።

«ባሏ ታድሏል፤ ጣሪያው ቢያፈስም እሷው ትወጣለታለች» አለች ጎረቤታችን። ሴቶቹ ሳቁ።

ልጄ አልሳቀችም። «አሮጌውን አድራሻ ዘግቼው ነበር፤ ጊዜው አልፏል ብዬ። የአባ ስልክ ደግሞ ከእሱ ሌላ አያውቅም።»

«ከአያትሽ ጋር በአማርኛ ልታወሪ ኖሯል» አልኳት።

እያዘዘችኝ በአንድ ጣት ጫንኩ። አሮጌው ተከፈተ፣ ባሌም መጣ። ነጭ ኮፍያውን አድርጎ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ከተደራራቢ አልጋ ሥር ተቀምጧል። ኮምፒውተሩን ለሸሁ አደረስኩ። አዩት፣ ሰላምታም ተለዋወጡ። ወዲያው ምስሉ ደረቀ።

ልጄ ከመጋረጃው ጀርባ፣ «ምስሉን አጥፊው፣ እማ። ለድምፁ መንገድ ይልቀቅለት» አለችኝ። አጠፋሁት።

«ልጄን ድሬልሃለሁ» አለ ባሌ፣ ጥርት አድርጎ። ሙሽራው «ተቀብያለሁ» አለ። አልሀምዱሊላህ። ከሴቶቹ ክፍል እልልታው ወጣ።

ሲመሻሽ ባሌ በተራ ስልክ ደወለልኝ። «ምን ለብሳ ነበር?»

«አረንጓዴ።»

ለካ እኛ ስናየው እሱ ጋ የእኛ ምስል አልደረሰም።

በማግስቱ ጠዋት ሱብሂ ሰግጄ፣ ሰው ተነስቶ መስመሩ ሳይጨናነቅ፣ ልጄ እንዳሳየችኝ አድርጌ ሴቶቹ እሷን የቀረጹበትን ቪዲዮ ላክሁለት። ቀስ እያለ ሄደ። ተልኮ እስኪያልቅ ከስልኩ አጠገብ አልተነሳሁም። «አየኋት፤ አላህ ይጠብቃት» ብሎ ሲጽፍልኝ፣ ተነስቼ የእንግዶቹን ብርጭቆ ማጠብ ጀመርኩ።