ያጎደልኳቸው ሦስት ፊደላት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ይህችን ዘልያት ነው የኖርኩት። አሁን ሰማንያ ዓመት ሞልቶኛል። ለማታውቀኝ ለአንተ ለአንባቢው እነግርሃለሁ፤ ፊትህን ስለማላይ ይቀለኝ ይሆናል።

በመጀመሪያ ማን እንደነበርኩ እወቅ። በሰማንያዎቹ ዓመታት በመካኒሳ አቦ አካባቢ በንባብ የሚደርስብኝ ሰው አልነበረም። ይህን ስል አላፍርም። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደልና ዳዊት ተምሬያለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አስተማሪ አላየሁም። እንግሊዝኛን የተማርኩት ወፍጮ ቤት ስሠራ፣ ዱቄት የጠጣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ነው። ከውጭ አገር ደብዳቤ የመጣለት ሁሉ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። ሰፈሩ «ፕሮፌሰር ደምሴ» ይለኝ ነበር። ቀልድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ደስ ይለኝ ነበር።

ጎረቤቴ ታዬ ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ ሲሠራ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። አንድ ልጁ ጦር ሜዳ ሄዶ አልተመለሰም። አስከሬኑም አልመጣም። ታዬ የጀመረለትን ኮት እጅጌው ሳይተከል ሳጥን ውስጥ አስቀምጦት ነበር። በየዓመቱ ሙት ዓመቱን ያወጣል። «በትንሣኤ ስንገናኝ እንደገና እለካዋለሁ፤ ትከሻው ሰፍቶ ይሆናል» ይል ነበር። ሲናገር አያለቅስም፤ ቀጠሮ እንዳለው ሰው ነበር የሚናገረው።

አንድ ቀን ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገዛሁ። የክርስትና ታሪክ ከጥንት አረማውያን ተረት የተወሰደ ነው የሚል ነው። ሳልጨርሰው በረንዳው ላይ ሰው ሰበሰብኩ። ፈረንጆች ልደትን የሚያከብሩበት ቀን የሮማውያን የፀሐይ በዓል ነበር ብዬ በኩራት ተናገርኩ። ታዬ ከመኪናው ቀና ሳይል፣

«ፕሮፌሰር፣ የኛ ልደት ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ነው። የፀሐዩን ነገር ለፈረንጆቹ ንገራቸው!» አለኝ።

በረንዳው በሳቅ ተናጋ። ከታዬ ጋር በሃይማኖት ተስማምታ የማታውቀው ጴንጤዋ ባለሱቅ እንኳ «ጋሼ ደምሴ፣ ዛሬስ እኔንና ጋሼ ታዬን አስታረቁን!» ብላ ሆዷን ያዘች።

በጥንቱ አቆጣጠር ሁለቱ አንድ ቀን ናቸው፤ ልዩነቱ ከዘመን አቆጣጠር የመጣ ነው ብዬ መመለስ ይቻል ነበር። ዛሬ አውቀዋለሁ። ያን ዕለት ግን አላወቅሁም፤ «አላውቅም» ማለትም አልቻልኩም። ስንት ዓመት የገነባሁት ስም በአንድ ልብስ ሰፊ ቀልድ ሲፈርስ እንዴት ዝም ልበል? ገጹን ገለበጥኩ። ኦሳይረስ ስለሚባል የግብፆች አምላክ ይናገራል። ወንድሙ ገደለው፤ ሚስቱ ሬሳውን ሰብስባ አበጀችው። ከዚያ መጽሐፉ፣ «ወደ ሕያዋን ምድር አልተመለሰም፤ በሙታን ላይ ነገሠ» ይላል።

እኔ ግን ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ብዬ አነበብኩ፦ «በሦስተኛው ቀን ወደ ሕያዋን ምድር ተመለሰ።»

ተሳስቼ ነው ልበል? «ኖት»፣ ማለትም «አይደለም» የምትለዋን ቃል ያወቅኋት እንግሊዝኛ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። አይቻታለሁ። ጣቴ እላይዋ ላይ ነበር። «አልተመለሰም» ከሚለው አ፣ ል እና ም የሚሉትን ሦስት ፊደላት አውቄ ጣልኩ፤ ሦስተኛውን ቀን ከራሴ ጨመርኩ። አደረግሁት። እኔ ነኝ ያደረግሁት።

ሳቁ ቆመ። ታዬ እግሩን ከመርገጫው አነሣና፣ «ከክርስቶስ በፊት የተጻፈ ነው?» አለኝ።

«ብዙ ሺህ ዓመት በፊት» አልኩት።

«እንግዲያው ቅዱ አንድ ነው» አለ። «ሁለት ልብስ ቅዱ አንድ ከሆነ አንዱን አይቶ ነው ሌላው የተሰፋው።»

ያን ዕለት አሸነፍኩ። ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ታዬ በአቦ ዕለት ቤተ ክርስቲያን መሳም ተወ። የልጁ ሰባተኛ ሙት ዓመት ሲደርስ ሚስቱን የሺን «ለማን ነው የምንደግሰው?» አላት። ኮቱንም ከሳጥን አውጥቶ ጨርቁን ለመጣፊያ ቆራረጠው። እያየሁት ነበር። መቀሱ ሲሄድ አጠገቡ ተቀምጬ ጋዜጣ አነብ ነበር።

ክርስትና ከሌሎች ወሰደ ወይስ አልወሰደም? ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ዛሬም ዳኛ አልሆንም። የሚመሳሰል ነገር አለ፤ ሊቃውንቱም ማን ከማን እንደወሰደ ይከራከራሉ። ሞት ሁሉንም ሰው ስለሚያስፈራው ተስፋው ሊመሳሰል ይችላል ብዬ አስባለሁ። ግን ታዬን የጣለው ይህ ክርክር አይደለም። እውነተኛውን ክርክር ባቀርብለት በደንብ ይመልስልኝ ነበር። የጣለው በየትኛውም ገጽ ላይ ያልተጻፈ፣ የእኔ ዓረፍተ ነገር ነው።

አሁን ወደ ባሰው ልምጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ታዬ ታሞ ተኛ። አንድ ከሰዓት በኋላ አስጠራኝ። የሺ ከራስጌው ተቀምጣለች፤ ጎረቤቶችም ነበሩ። «ፕሮፌሰር፣ ያን መጽሐፍ አምጣው። ያቺን ቦታ ደግመህ አንብብልኝ፤ ምናልባት በደንብ አልሰማሁ ይሆናል» አለኝ።

ይኸውልህ፣ በር ከፈተልኝ። «ተሳስቼ ነበር ታዬ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። መጽሐፉን አመጣሁ። ገጹን ገለጥኩ። የጎረቤቶቹን ዓይን አየሁ። ታዲያ ምን አደረግሁ? ያንኑ ደግሜ አነበብኩ። «ተመለሰ» አልኩ።

«እሺ» አለ ታዬ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የሺ የንስሐ አባቱን ልጥራ ብትለው እምቢ አለ። በአራተኛው ቀን ሞተ፤ ልጁን አገኘዋለሁ ሳይል።

ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅር የሚለኝ ሰው ፊቱን እንዳዞረ ሄዷል። የዕውቀት ጥማት ነው ያሳሳተኝ አልልም፤ ያልተሳቀብኝ ሰው ሆኜ ለመኖር ብዬ ነው።

የሺ ዛሬም በሕይወት አለች። ማንበብ አትችልም። እስከ ዛሬ ደብዳቤዋን የማነብላት እኔ ነኝ፤ «ባለቤቴ ያምነው የነበረ ሰው» ትለኛለች። ይህን ወረቀት ጽፌ ስጨርስ ወደ እሷ ይዤው እሄዳለሁ። ጴንጤዋን ባለሱቅ አብራኝ እንድትመጣ ለምኛታለሁ፤ የምታነበው እሷ ናት። እኔ እየሰማሁ እቀመጣለሁ። እኔ ባነበው ኖሮ፣ «አልተመለሰም» የሚለው ቃል ጋ ስደርስ ሙሉውን ማንበቤን የሺ በምን ታውቅ ነበር?