ሳጥን አቅፌ ቁጢጥ ያልኩ ዕለት

ወገቤን ታምሜ ወራት ቤት ከዋልኩ በኋላ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ሶዶ የሚባል ሰፈር ወዳለው የመጋዘን ሥራዬ ተመለስኩ። ቤት ስውል ግን ዝም ብዬ አልተኛሁም፤ ቪዲዮ እያየሁ ስለ ወገብ ያልተማርኩት የለም። ዕቃ ስታነሱ ከወገባችሁ አትጎንበሱ፤ ቁጢጥ ብላችሁ ዕቃውን ደረታችሁ ላይ አስጠጉና፣ ትንፋሽ ወስዳችሁ በጉልበታችሁ ተነሱ። ጠዋት ጃኬቴን ሳላወልቅ ለጓደኞቼ ሁሉ ይህንኑ አስረዳሁ።

ችግሩ አለቃችን ጋሽ ደስታ ናቸው። «የምን ወገብ? ስንፍና ነው!» ብለው ካኮረፉኝ ቆይተዋል። ሥራው ላይ መቆየት አለመቆየቴን የሚወስኑት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

ሶ፣ የመጀመሪያውን ሳጥን ላነሳ ቁጢጥ አልኩ። ሳጥኑን አቅፌ፣ አንገቴን ደፍቼ ትንፋሽ ስወስድ አንድ ጥንድ ጫማ ፊቴ ቆመ። ቀና ስል ጋሽ ደስታ ናቸው፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቅ አሜሪካ ውስጥ የቀረ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ድንጋይ ብታጣ በሳጥን መጣህ ልጄ?»

«አይ ጋሼ፣ ይሄ እኮ...»

«በቃ፣ ምንም አትበል! ይቅር ብዬሃለሁ። ሥራህም ያው ሥራህ ነው። ተነስ!»

ክንዴን ይዘው ሊያነሱኝ ከወገባቸው ጎንበስ አሉ። እንደጎነበሱም ቀሩ።

«ውይ ወገቤን!»

እኔ ሳጥኔን አቅፌ፣ እሳቸው ክንዴን ይዘው ተፋጠጥን።

«ምን ታፈጥብኛለህ?» አሉ በሹክሹክታ፤ «ጠዋት ስትለፈልፍ የነበረውን ንገረኝ እንጂ!»