ወደ ፀሐይ የዞረ ወንበር

ባለቤቴ ጨርቅ በጥላ አይሸጥም ነበር። ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ባለችው ሱቃችን ደንበኛ ጣቃ ሲመርጥ ጫፉን ይዞ እስከ በሩ ይወስድና ፀሐይ ላይ ይዘረጋዋል። «ቀለሙን ፀሐይ ትመስክር» ይላል። ድሬዳዋ ከአባቱ የተማረው ነው። የዓይኑ እይታ ከዳር ከዳር እየጠበበ መምጣቱንም ያወቅነው እዚያው በር ላይ ነው፤ አጠገቡ የቆመችውን ሴት ሳያያት ጨርቁን ፊቷ ላይ ዘረጋባት። ሐኪሙ በዘር የሚመጣ ነው፣ መድኃኒት የለውም አለን።

ልጃችን ፈረንሳይ አገር ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሠራለች። ለእረፍት ስትመጣ አባቷ ሥራዋ ምን እንደሆነ ጠየቃት።

«ሴል ውስጥ ብርሃን የሚለይ የዕፅዋት ዘረ መል እናስገባለን፣ አባ። ከዚያ ሰማያዊ መብራት ስናበራ የመረጥነው ሌላ ዘረ መል ሥራ ይጀምራል። ስናጠፋው ያቆማል።»

«ብርሃን ያዘዋል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ፀሐይ በነጻ ከሞላበት አገር መብራት ፍለጋ ምን አስኬደሽ?»

ሳቅን።

በማግስቱ ወንበሩን ደጃፍ አውጥቶ፣ ጥቁር መነጽሩን አውልቆ፣ ወደ ፀሐይ ዞሮ ተቀመጠ። ደንበኛ የሚጠብቅ መስሎኝ ነበር። ቀን በቀን እንዲሁ ሲቀመጥ ሰንብቶ ዓይኑ ቀልቶ እንባው ሲወርድ ልጄ አየችው።

«አባ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«የተኛውን እየቀሰቀስኩ።»

አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ብርሃኑ የሚያዘው እነሱ ያንን ዘረ መል ያስገቡበትን፣ በሳህን ያሳደጉትን ሴል ብቻ እንደሆነ ነገረችው። በእሱ ዓይን ውስጥ እንዲህ የሚታዘዝ ነገር የለም፤ የሞተው አይነሳም፤ ፀሐዩ የቀረውንም ይጎዳዋል።

«ዓይን ላይ የሚሞክሩት የሉም?» አልኩ።

«አሉ፣ እማ። ገና ጥቂት ሰው ላይ ነው። ለአባ የሚደርስ አይመስለኝም።»

እሱ መነጽሩን በእጁ ፈልጎ አጠለቀ።

ልጃችን በተመለሰች ማግስት ወንበሩ እንደገና ወጣ።

«የነገረችህን ረሳኸው?»

«አልረሳሁም። ጥላውስ ምን ሰጠኝ?»

መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረግሁለት፤ አላወለቀውም። አሁን ጣቃውን ወደ በሩ የምወስደው እኔ ነኝ። ሳልፍ ጫፉን በጣቱ ይይዝና «ምን ቀለም ነው?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። ደንበኛዋ አይታ እስክትጨርስ ድረስ ጫፉን አይለቅም።