«የቤቱ ታላቅ»

የብሔረሰቦችና የሰብአዊ መብት ጥናት ማዕከሉ የተመሠረተበትን በዓል ሊያከብር ነው። ከዚያ ጡረታ ወጥቼ ዳንግላ ከተቀመጥኩ ወዲህ አስታውሰውኝ የማያውቁ ሰዎች ደውለው «እናታችን፣ መልካም መልካሙን ትዝታ ይጻፉልን» አሉኝ። መልካም መልካሙን የሚጽፍላቸው አያጡም። እኔ የምጽፈው ስለ አክስቴ ነው።

አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ ከአዘና ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ትኖራለች። የእሷንና የባሏን መሬት የባሏ ታላቅ ወንድም ድንበሩን ገፍቶ ገፍቶ በመጨረሻ ጠቅልሎ አረሰው። ባሏ ወንድሙን መክሰስ አፈረ። እሷ አላፈረችም። ማዕከላችን የሴቶችን የመሬት መብት ሲያጠና «እናገራለሁ፤ ግን ላንቺ ብቻ» አለችኝ። ተናገረች፤ በአገውኛ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ።

በእኛ ዘንድ በአክስቴ ዕድሜ ያለች ሴት የባሏን ታላቅ በስሙ አትጠራም። መሬቷን የወሰደውን ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «የቤቱ ታላቅ» እያለች ነው ያወራችኝ። እንዳለችው ጻፍኩትና ከግርጌ «የባሏን ታላቅ ወንድም ማለቷ ነው» ብዬ አስረዳሁ።

አስተባባሪያችን፣ ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል፣ ጽሑፉን ለጉባኤ ሲያሳጥር የግርጌውን ማስታወሻ አወጣው። «የቤቱ ታላቅ» የሚለውንም «ባለቤቴ» አደረገው። ረቂቁን እንዳየሁ ቢሮው ገባሁ።

«ይኼ ሰው ባሏ አይደለም» አልኩት።

«እናታችን፣ የቤቱ ታላቅ አባወራው አይደል እንዴ?»

«አይደለም። ወንድሙ ነው።»

«ዘመድዎ ስለሆነ አዝነውለት ነው» ብሎ ሳቀ። «ለማንኛውም ይታረማል።»

አልታረመም። ጉባኤው ቆሰበር ሲደረግ አክስቴና ባሏን የክብር እንግዳ ብለው ፊት አስቀመጧቸው። አስተባባሪው በዚያ በሚኮራበት ድምፁ «ባለቤቴ መሬቴን ቀማኝ» ብሎ አነበበ። እጄን አውጥቼ ቆምኩ። አወያዩ «ጥያቄ ከሻይ በኋላ» አለኝ። አዳራሹ ሲያጨበጭብ የአክስቴ ባል ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ፤ አክስቴም ተከተለችው።

ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ቀበሌው ገባ። ባሏ ከሰንበቴ ቀረ። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ የመሬቱን ክርክር በያዙት ሽማግሌዎች ፊት «የቀማት ባሏ እንደሆነ በራሷ አፍ ተናግራ የለም እንዴ?» አለ። ሽማግሌዎቹም አመኑት። መሬቱን ዛሬም የሚያርሰው እሱ ነው። አስተባባሪው ዶክተር ሆኗል፤ ያችን ጽሑፍ ይዞ ያልዞረበት ስብሰባ የለም። እኔን የሚቆጨኝ የአክስቴ ንግግር ነው። ያን ቀን እንዴት አድርጋ እንደተናገረች ከእኔ በቀር የሰማ የለም።

ከጉባኤው በኋላ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቤ ልመሰክርላት በሚኒባስ ወደ አዘና ሄድኩ። አክስቴ በሩ ላይ በርጩማ አወጣችልኝ። ግቢ አላለችኝም።

«እመሰክርልሻለሁ፤ እኔ ነኝ የሰማሁሽ» አልኳት።

«እርስዎ አይልፉ» አለችኝ፣ በአማርኛ። «እናንተ የጻፋችሁት ተጽፏል።»

ባሏ ከጓዳ «ማነው የመጣው?» ብሎ ጠየቀ።

«ከቢሮ ናቸው» አለችው።