ጎንበስ ሲል የሚጨፍነው ሰው

አሮጊቷ ልብስ ሰፊ የዓይን ሞራቸውን ሊታዩ ክሊኒክ ተቀምጠው ሳለ፣ ከጎናቸው የነበረው ጎልማሳ ቁልፍ ወደቀበት። ሰውዬው ሁለት ዓይኖቹን ጨፍኖ ጎንበስ አለና ወለሉን በእጁ ይዳብስ ጀመር።

«ውይ ልጄ፣ ጭራሽ አታይም እንዴ?» አሉት ቁልፉን አንስተው እየሰጡት።

«አያለሁ እማማ፣ የሥራ ልማድ ሆኖብኝ ነው» ብሎ ሳቀ። «እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ የሌዘር ጨረር በጠረጴዛ ቁመት ያልፋል። ሳይጨፍን ጎንበስ ያለ ዓይኑን ይመታዋል።»

ጨረሩን እንዳያንጸባርቅበት ሰዓት አላሰረም። ጃኬቱ ንጹሕ ነው፤ እግሩ ላይ ግን ላቦራቶሪ ውስጥ የሚደረግ ነጠላ ጫማ አለ፣ መቀየሩን ረስቶት ነው የመጣው።

«ለመሆኑ ጨረሩ ምን ይሠራላችኋል?»

«አርጎን የሚባል ጋዝ ላይ እጅግ አጭር ብልጭታ እንለቅና ውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች እንዴት እንደሚሮጡ እናጠናለን። እርስዎ ዓይንዎን አንዴ እስኪያርገበግቡ እነሱ ዓለማቸውን ቀጭተው ጨርሰዋል።»

«እንደኔ ወጣትነት በላቸዋ!»

ከወር በፊት ግን ሰውዬው ሥራ ላይ ሳለ መጨፈኑን ዘንግቶ ጎንበስ አለ። ከዚያ ወዲህ በግራ ዓይኑ ሲያይ መሃል ላይ ጥቁር ነጥብ ይጋርደዋል። ይድን እንደሆነ ሐኪሙ የሚነግረው ዛሬ ነው።

ተጠርቶ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ወጣ።

«ምን አሉህ ልጄ?»

«የግራው አይመለስም አሉኝ» አለ በተረጋጋ ድምፅ። ከዚያ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። «ለባለቤቴ ግን እየተሻለኝ ነው ልላት ነው። የምንሠራው አብረን ነው፤ ያን ቀን ጨረሩን የለቀቀችው እሷ ናት።»