የውስጠኛው ጎማ ድምፅ

የእህቴ ባል ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ሾፌር ጓደኞቹ «እንቁላል ጫኝ» ይሉታል። መንገዱ ጭር ቢል፣ ሰዓቱ ቢረፍድ፣ እሱ አንድ መኪና ሙሉ እንቁላል የጫነ ይመስል ቀስ ነው። ተሳፋሪ ያጉረመርማል፣ ከኋላ ያለው ጥሩንባውን ይነፋል፤ እሱ ወይ ፍንክች! እኔ ጋሼ እለዋለሁ። ታላቅ እህቴን ሲያገባ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ ያሳደገኝ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ግን እሱን ከመተረብ አግዶኝ አያውቅም።

እህቴ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የእሱን መኪና ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። እሱ ባሕሩን አየ፣ በረሃውን አየ፣ ተራራ ላይ ጉም ሲተኛ አየ። እሷ ያየችው የግቢውን በር ነው። ከመንገድ ሲመለስ ያየውን ሁሉ ቁጭ ብሎ ይነግራትና «ጡረታ ልውጣ እንጂ እያንዳንዱን መንገድ አሳይሻለሁ» ይላታል። እኛም «ላም አለኝ በሰማይ» እያልን እንስቅ ነበር። ሰውየው ግን ጡረታ እንደወጣ አንድ አሮጌ፣ አነስ ያለ አውቶቡስ ገዝቶ ግቢው ውስጥ አቆመ። ወንበሮቹን እየነቀለ አልጋ፣ ምድጃ፣ ቁም ሳጥን ይሠራበት ጀመር። ስሟንም «ጎጆዋ» አላት። ጋሼ በስተርጅና ጎጆ ሊወጣ ነው ብዬ ሰፈሩን አሳቅሁበት።

ጎጆዋ ስታልቅ ግን አንድ ነገር እህቴን አስከፋት። ወንበሯን የሠራላት ከጎኑ አልነበረም። ከፊት በስተቀኙ ያለውን ቦታ የውኃ ጀሪካን ማስቀመጫ አደረገውና፣ የእሷን ወንበር ከራሱ ጀርባ፣ በስተግራ፣ መስኮቱ ጥግ ተከለው። ወንበሩስ ጥሩ ወንበር ነው፤ ስፖንጁ ወፍራም፣ ልብሱም እሷ የምትወደው ሰማያዊ።

«እንግዲህ እኔ ተሳፋሪ መሆኔ ነው?» አለችው።

«ከዚያ መስኮት ጥሩ ይታያል» አላት።

ሆዷን ያባሳት ነገር ግን ወንበሩ ብቻ አልነበረም። ማጀት ውስጥ ብቻችንን ስንሆን ነገረችኝ። «ድሮ ከሰው አገር መጥቶ እንኳ ሲያወራኝ ያመሽ ነበር። ዛሬ አንድ ቤት ውስጥ ውለን ሳናግረው ጆሮ ዳባ ልበስ ይለኛል። ሰልችቼዋለሁ። ከጀርባው ያስቀመጠኝም ፊቴን ላለማየት ነው።»

«ጡረታ የወጣው ከሥራው ብቻ አይደለማ!» አልኳት። እሷ አልሳቀችም።

ልጃቸው ነርስ ናት፤ ጉዞውን ከመጀመሪያውም አልወደደችውም። «አባዬ፣ ዓይንህም ጆሮህም ደህና መሆኑን ሳላረጋግጥ እማዬን ይዘህ ከዚህ በር አትወጣም» ብላዋለች። ከአፏ የወጣውን እንደማታጥፍ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። በመነሻቸው ጠዋት መጥታ በረንዳው ላይ እጇን አጣምራ ስትቆም ልትሸኝ ሳይሆን ልትፈትን የመጣች ትመስል ነበር።

ጋሼ ዱላውን ይዞ ጎማ ሊፈትሽ ወረደ። መኪና ለማያውቅ ሰው ይህን ልንገር። እንዲህ ያለ መኪና ከኋላ በየጎኑ ጥንድ ጎማ አለው፤ አንዱ ከውጭ፣ አንዱ ከውስጥ። የውስጠኛው ንፋሱ ቢያልቅ ውጭኛው ሸክሙን ይሸከምለታል፤ ለሚያይ ሰው ምንም የጎደለ አይመስልም። መንገድ ላይ ሲከርም ግን ብቻውን የተሸከመው ይግልና ይፈነዳል። የውስጠኛውን ለመለካት ጎማው በሚታሰርበት ብረት፣ በውጭኛው ቸርኬ ቀዳዳ፣ እጅን አሾልኮ፣ ንፋስ የሚሞላበትን ቫልቭ በዳበሳ መፈለግ ግድ ነው። ይህ ስለሚያሰለች ሾፌሮች ዱላቸውን በጥንዱ መሃል አስገብተው ይመቱታል። የሞላው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ባዶው «ዱፍ» ብሎ ይቀራል። ጋሼ ሥራ በነበረበት ዘመን በየማለዳው ይህን ሲያደርግ፣ እህቴ አልጋዋ ውስጥ ሆና ትሰማው ነበር።

ጎማ የሚጠግነው ጎረቤታችን ጎሚስታው፣ ምናልባት ንፋስ ካነሰ ብሎ የንፋስ መሙያ ኮምፕረሰሩን እየገፋ መጥቶ አስነሥቶታል። ግቢው በጩኸት ተሞላ። ጋሼ በመኪናው ቀኝ ጎን ከፊት ወደ ኋላ ሄደ። ኮምፕረሰሩ በግራው ይጮኻል፣ ጎማው በቀኙ ነው። ጎንበስ ብሎ የውስጠኛውን መታው።

ዱፍ።

«ሙሉ ነው!» አለ።

«እስቲ ድገመው!» ብላ ጮኸች እህቴ።

ዱፍ። «ሙሉ ነው አልኩ እኮ!»

እኔ እንኳ ሰምቼዋለሁ። ልተርበው አፌን ስከፍት የእህቴን ፊት አየሁና ዘጋሁት። ባሏን ትክ ብላ እያየችው ነበር። ሰውየው አልዋሸም፤ ከልቡ ሙሉ መስሎታል።

«ምን ሆነ እማዬ?» አለች ልጅቷ ከበረንዳው።

«ምንም። ሹራቤን አምጪልኝ፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ ከታች።»

ሹራቡ ጎጆዋ ውስጥ መታሸጉን አውቃለሁ፤ ትናንት ያጠፍኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ወደ ቤት ገባች። እህቴ ጎሚስታውን ኮምፕረሰሩን አስጠፋችውና ወደ ባሏ ቀኝ ጠጋ ብላ «ጎማው ባዶ ነው» አለች በቀስታ። እሱ ዱላውን ይጠርጋል። ዞረችና በግራው ደገመችለት። ክው አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማትሰማው?» አለችው።

«ጡረታ ልወጣ ስል ነው። ቀኙ ጨርሶ ጠፍቷል። ሐኪሙ ግራው ይበቃሃል፣ ንዳ ብሎኛል። ልጅቷ ግን ጆሮ የሚል ከሰማች ጉዞው ቀረ። ይህን ሁሉ ዘመን አስጠብቄሽ እንዴት ብዬ…» ዓይኑ እንባ አቀረረ።

እኔና እህቴ ምን ያህል አምተነው ነበር! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ያ ሁሉ ሐሜት አንዱም አልደረሰውም። በቀኙ ሆነን «ችላ አለን» ያልነው ሰው የምንለውን ጨርሶ አይሰማም ነበር። አፈርኩ።

ጋሼ እጅጌውን ሰብስቦ እጁን በቸርኬው ቀዳዳ ሊያስገባ ታገለ። አንጓው ላይ ተያዘ። ቸርኬዎቹን ቀለም ቀብቶ መልሶ ሲያስራቸው ቀዳዳውን ከውስጠኛው ቫልቭ ጋር አላገጣጠመውም፤ ቫልቩ ከብረቱ ጀርባ ተደብቋል።

«ጋሼ፣ ውጭኛውን ላውልቀው» አለ ጎሚስታው።

«ቆይ» አለች እህቴ። ቀለበቷን አውልቃ ለእኔ ሰጠችኝ። ተንበረከከች። ጉንጯን ጎማው ላይ አስደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀጭን እጇን እስከ ክንዷ ሰደደችው። ቦርሳዋ ውስጥ ቁልፍ የምትፈልግ ይመስል ነበር። «አገኘሁት!» አለች። ጎሚስታው ጎበጥ ያለች አጭር የብረት ቧንቧ አቀበላት። ጫፏን ቫልቩ ላይ አሽከርክራ አሰረችው፤ ሌላው ጫፍ በቀዳዳው ወደ ውጭ ብቅ አለ። ከእንግዲህ ማንም እጁን ሳያስገባ ሊሞላው ይችላል። ኮምፕረሰሩ ተነሣ፣ ንፋሱ ገባ። ጎሚስታው በሳሙና ውኃ አይቶ የሚያፈስ ነገር የለም፣ ቆሞ ስለከረመ የወረደ ነው አለ።

ጋሼ በዱላው መታና ቀና ብሎ አያት። «አሁንስ?»

«አሁን ሙሉ ነው» አለችው በግራው።

ልጅቷ እየተነጫነጨች ወጣች። «ሹራቡ የለም እኮ! ውይ እማዬ፣ እጅሽን ምን አደረግሽው?»

ጋሼ ዱላውን ጭብጥ አደረገ። ይደብቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እህቴ ግን ጉልበቷን አራግፋ ተነሣች። «አባትሽ በአንድ ጆሮው አይሰማም። እኔ ሁለት አለኝ። ሦስት ጆሮ ለአንድ መኪና አይበቃም?»

ልጅቷ አባቷን አየችው፤ የእናቷን የጠቆረ እጅ አየች። ሐኪም አይቶት እንደሆነ ጠየቀች፣ እሱም የጎማውን ጭምር አንድ ሳያስቀር ነገራት። ጎማውን አየት አደረገችና «የጎማውን ድምፅ የለየው ማነው?» አለች።

«እኔ ነኛ።»

«እንግዲያው ጠዋት ጠዋት እሱ ይምታ፣ አንቺ ስሚ። እየደወላችሁ ካልነገራችሁኝ መጥቼ እመልሳችኋለሁ።» ይህ በእሷ ቋንቋ ሂዱ ማለት ነው።

እህቴ ታጥባ ጎጆዋ ውስጥ ገባች። ወደ ሰማያዊው ወንበር አልሄደችም፤ ጀሪካኑን ልታነሣ ጎንበስ አለች። «አሁን እንኳ ከጎንህ ልቀመጥ?»

«አይሆንም» አለ ጋሼ።

ፊቷ ጭልም አለ። እኔም በመስኮቱ ልሰድበው ተንጠራራሁ።

«በቀኜ ከተቀመጥሽ አልሰማሽም» አለ መሪውን እንደያዘ። «ያን መንገድ ዕድሜዬን ሙሉ ብቻዬን አየሁት። አሁን አንቺ ስታዪው ምን እንደምትዪ መስማት ነው የፈለግሁት። አንድም ቃል እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው በደህናው ጆሮዬ በኩል የሠራሁልሽ።»

እህቴ ጀሪካኑን መልሳ አስቀመጠች። ሄዳ ሰማያዊው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷን በመዳፏ ሸፍና ትንሽ ቆየች። ከዚያ ቀለበቷን በመስኮቱ ተቀበለችኝ። እኔ ምላሰኛዋም ተረቤን ትቼ የግቢውን በር ከፈትኩላቸው።

ጎጆዋ እንቁላል እንደጫነች ቀስ ብላ ተንቀሳቀሰች። ገና ከበሩ ሳይወጡ እህቴ አንገቷን ወደ ፊት አስግጋ ማውራት ጀምራለች። የምታወራው ዕድሜዋን ሙሉ ስታየው ስለኖረችው የጎረቤት አጥር ነበር። ጋሼም አዎ፣ አዎ እያለ ራሱን ይነቀንቅላታል።